ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

(ደሴ ውስጥ በአንድ ሰፈር የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ ከማስታወሻዬ አስተካክዬ ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቱን ጨምሬበታለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤

ሊቀመንበራችን «ሲስተር፣ ስለ ጤና ትንሽ ብትነግሪን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ላወራ አስቤ ነበር። በዚህ ዕድሜያችን እርሱም ይበቃን ነበር። ሐሳቤን አስቀይሮ ስለ ኤች አይ ቪ እንዳወራ ያደረገኝ ባለፈው ለቅሶ ጊዜ በቅሬያችን ዕቃ ቤት ያየሁት አንድ ኩባያ ነው። ድስቱ፣ ትሪው፣ ጀበናው፣ በደርዘን የተቆጠረው ስኒ፣ ሁሉም በየመደርደሪያው ላይ ነው። አንድ ነጭ የብረት ኩባያ ብቻ ከመስኮቱ ሥር ለብቻው ተቀምጧል። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ዕቃ የምታወጣውን ልጅ «ይኼስ?» አልኳት። ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእርሷ ነው» አለችኝ።

ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። ዛሬም እንድትነግሩኝ አልፈልግም። ያቺ ሴት ለቅሶ ለመድረስ ስትመጣ ውሃም ሻይም የሚቀዳላት በዚያ ኩባያ መሆኑን ግን ተረዳሁ። ክሩን ደግሞ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ቀርባ የምታየው እርሷ ናት።

ልወቅሳችሁ አልመጣሁም፤ የመውቀስ መብቱም የለኝም። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ነርስ ሆኜ ጥቂት ዓመታት እንደሠራሁ፣ የአክስቴ ልጅ ታሞ እኔ ቤት ተቀምጦ ነበር። የጠጣበትን ብርጭቆ ማታ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ እቀቅለው ነበር። አንድ ሌሊት ቀና ስል ከኩሽናው በር ላይ ቆሞ እንፋሎቱን ያያል። ምንም አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሻይ ሳቀርብለት «ጠጥቻለሁ» ይለኝ ጀመር። እኔ እኮ ትምህርቱን ተምሬ ፈተናውንም አልፌ ነበር። ብርጭቆ እንደማያስተላልፍ አውቃለሁ። እውቀቱ ግን ከራሴ ወርዶ እጄ ድረስ አልደረሰም ነበር።

ያን ጊዜ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በአገራችን ቫይረሱ በደም ናሙና ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች የተመዘገቡት ደግሞ በ1986። መድኃኒት አልነበረም። ማስተማሪያችን የራስ ቅልና አጽም የተሳለበት ሥዕል ነበር። ሰው ይፈራ ዘንድ አስተማርነው፤ ፈራ። ምኑን መፍራት እንዳለበት ለይተን መንገሩ ላይ ግን ሰነፍን። ይኸው ስንት ዓመት ሆነን፣ ኩባያውን እየፈራን ምላጩን ረስተናል።

እንግዲህ ከሥሩ እንነሣ። ይህን ቫይረስ እንደ መንገደኛ አስቡት። ክፉ መንገደኛ ነው፤ ግን አቅመ ቢስ ነው። በእግሩ አይሄድም፣ በነፋስ አይበርም፣ ከሰው ሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም። መሣፈሪያው የታወቀ ነው፤ ደም፣ የወንድ ዘር ፈሳሽና ከእርሱ ቀድሞ የሚወጣው ፈሳሽ፣ የሴት ብልት ፈሳሽ፣ የፊንጢጣ ፈሳሽ፣ የእናት ጡት ወተት። በሌላ አይሣፈርም። ላብ፣ እንባ፣ ምራቅ፣ ሽንት አያጓጉዙትም። ተሣፍሮም ቢሆን ቁጥሩ በቂ መሆን አለበት፤ ሳይደርቅ ሳይሞት መድረስ አለበት፤ ሲደርስም የሚገባበት በር ማግኘት አለበት። በሩ ማለት ደግሞ የብልት፣ የፊንጢጣ ወይም የአፍ ስስ ሽፋን፣ ያልዳነ ቁስል፣ አለዚያም በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ የገባ መርፌ ነው። ያልተቆረጠ፣ ያልቆሰለ ቆዳ በር አይደለም፤ ግንብ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ሐረጎ ላይ መንገዱ ከተዘጋበት እዚያው ይቆማል፤ ሞተሩ ደኅና ነበር፣ ነዳጁም ሙሉ ነበር ብንል አይደርስም። ይህም እንደዚያው ነው። ከተባሉት አንዱ ከጎደለ ጉዞው ቀርቷል።

ይህን ከያዛችሁ ግማሹን ጥያቄ ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ። ማቀፍ፣ መጨባበጥ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ አንድ አልጋ ላይ ማደር፣ የእርሱን ጋቢ መልበስ፤ የቱ ፈሳሽ ነው የሚሄደው? በየትኛው በር? ሳልና ማስነጠስስ ብትሉኝ፣ ይኼኛው የተምታታበት ምክንያት አለው። ቫይረሱ ሰውነቱን ያዳከመበት ሰው ብዙ ጊዜ ቲቢ ይይዘዋል፤ ቲቢ ደግሞ በሳል ይተላለፋል። ሰው ያየው የሚያስል ሕመምተኛ ነው፤ ከሳሉ የሸሸውም በሌላው በሽታ ስም ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ ማንም ይሁን ማን ይመርመር፤ ኤች አይ ቪ ግን በትንፋሽ አይሄድም።

ኮምቦልቻ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው የትንኝ ጥያቄ ነው። እዚህ ደሴ ላይ እምብዛም አይነሣም፤ እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠን ብርዱን እንጂ ወባን መች እናውቃታለን። ኮምቦልቻ ግን ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ የወባ አገር ናት። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ትንኝ የእርሱን ደም ጠጥታ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ከመርፌ በምን ትለያለች?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ሰውየው አስቦ ነው የጠየቀው፤ «እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም» ብሎ የሚያልፈው ባለሙያ ነው ያላሰበው።

ትንኝ ከመርፌ የምትለየው በዚህ ነው። ስትነድፍ በአንዱ ቀጭን ቱቦ ምራቋን ታስገባለች፣ በሌላው ደሙን ትስባለች። የጠጣችውን ደም መልሳ ወደ ሰው አትረጭም። ቫይረሱ ሆዷ ውስጥ ሲገባ ከምግቧ ጋር ይፈጫል፤ መራባት የሚችለው በሰው ሕዋስ እንጂ በትንኝ ሕዋስ ውስጥ አይደለም። የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ግን ለትንኝ የተሠራ ነው። ሆዷ ውስጥ ያድጋል፣ ይባዛል፣ ከቀናት በኋላ ምራቅ ዕጢዋ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ነው ከምራቋ ጋር ወደ ሰው የሚገባው።

ይህ ካላሳመናችሁ ቁጥሩን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው በከተማ ከ100 ሰዎች 2.9፣ በገጠር 0.4 ነበሩ። ትንኝ የሚበዛው የት ነው? ሌሊቱን ሙሉ የሚነደፈውስ ማን ነው? ሕፃኑ፣ የእርሻ ጎጆ ውስጥ የሚያድረው ገበሬ። ትንኝ ብታስተላልፍ ኖሮ ቁጥሩ በተገለበጠ ነበር። ያ ሠራተኛ ቁጥሩን ሲሰማ ሳቀና «እንግዲያው አጎበሩ ለወባ ብቻ ነው» አለ። ለወባ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ። ጉርሻ ያስተላልፋል ወይ? አያስተላልፍም። ከአንድ ትሪ መብላት፣ በአንድ ኩባያ መጠጣት፣ የጽዋ ጠላ፣ በአንድ ጣሳ የተቀዳ ጸበል፣ መስቀል መሳለም፣ አንዱም አያስተላልፍም። ምራቅ ውስጥ ያለው ቫይረስ እጅግ ጥቂት ነው፤ ምራቅ ራሱም የሚያዳክመው ነገር አለው። ሙሉ እንድሆን አንድ ነገር ልጨምር፤ በውጭ አገር ተመዝግቦ የሚገኝ በጣም ጥቂት የተባለ አጋጣሚ አለ። አሳዳጊ ምግብ በራሱ አፍ አላምጦ ለሕፃን ሲያጎርስ፣ ድዱ ይደማ ስለነበር ደሙ ከምግቡ ጋር ሄዷል። ያኔም የተሣፈረው በደም ነው፤ ምራቁ አይደለም። ስለዚህ ለሕፃን አላምጦ ማጉረስ ይቅርብን፤ በእጅ ጠቅልሎ ማጉረስ ግን ያው ጉርሻ ነው፤ ጉረሱ።

በሌላ ከተማ ቢሆን ይህን ያህል አይገርመኝም ነበር። ይህ ደሴ ነው። ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ማን ነው? አይጠየፍ። ስሙን ስንጠራው ስለኖርን መስማት ትተናል እንጂ፣ ባለጠጋውንም ድኻውንም አልጠየፍም ብሎ በሩን የከፈተ ቤት ነው። በዚያ ስም አጠገብ ያደግን ሰዎች ነን ክር የምናስረው።

ይህን ያህል ስለማያስተላልፈው። ስለሚያስተላልፈው ስናገር ስሙን እየጠራሁ ነውና ልጆች ያመጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንዲያውም ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ዋናው መንገድ ያለ ኮንዶም የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። አንዴ ቢሆንስ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መድኃኒት ካልጀመረ ወንድ ወደ ሴት በአንድ ጊዜ የብልት ግንኙነት የመተላለፉ ዕድል በአማካይ ከ10,000 8 ያህል ነው፤ በፊንጢጣ ሲሆን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። «ትንሽ ነው» ብሎ የሚደሰት ካለ ቆይ ልበለው። አማካይ ማለት ሁልጊዜ እንዲያ ነው ማለት አይደለም። ጨብጥ ወይም ቂጥኝ ወይም ቁስል ካለ በሩ በርግዶ ይከፈታል። ሰውየው በቫይረሱ ከተያዘ ገና ጥቂት ሳምንቱ ከሆነ ደግሞ በደሙ ያለው ቁጥር ሰማይ ይነካል፤ እርሱ የሚሰማው ጉንፋን መሰል ትኩሳት ብቻ ነው፣ ምርመራውም ገና አያሳይም። የሰው ፊት አይቶ፣ ውፍረቱን አይቶ «ይኼስ ጤነኛ ነው» ማለት የተሳሳተውም ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ሰው አንድ ቀን ብቻ አይተኛም፤ ትንሿ ቁጥር በየሌሊቱ ትደመራለች።

የወንድ ግርዛትም አለ። በአፍሪካ በተደረጉ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች የተገረዘ ወንድ ከሴት የመያዝ ዕድሉ በ60 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። በወሎ ያልተገረዘ ወንድ ብዙም የለምና፣ ይህንን ሰምቶ «እኔስ ተገርዣለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። 60 ከመቶ 100 አይደለም። ለሚስቱም የሚተርፋት መከላከያ አይደለም። ኮንዶም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከተደረገ ግን ሁለቱንም ይጠብቃል።

ደም መለገስ አያስተላልፍም፤ መርፌው ታሽጎ የሚመጣ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነው። ቫይረሱ ያለበትን ደም መቀበል ግን ከመንገዶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ከ10 ሰዎች ከ9 በላይ ይያዛሉ። ለዚህ ነው ደም ባንክ የሚለገሰውን ሁሉ የሚመረምረው።

ስለ መርፌ የራሴን ልንገራችሁ። በ2001 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ተቋም ተረኛ ነበርኩ። ከሕመምተኛ ክንድ ያወጣሁትን መርፌ ክዳኑን ልመልስበት ስል የግራ እጄን ሌባ ጣት ወጋኝ። ክዳን እንዳይመለስ ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ራሴ ነኝ፤ የመርፌ መጣያ ሣጥኑ ግን ከሞላ ሰንብቶ ነበር። ጓንቱን ሳወልቅ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም ብቅ አለች። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጠብኳት፤ አልጨመቅሁም፣ በረኪና አላፈሰስኩበትም። የሕመምተኛው ካርድ ቫይረሱ እንዳለበት ይናገራል። ወንበር ላይ ተቀምጬ ማስላት ጀመርኩ። እንዲህ ካለው 1,000 መወጋት የሚያስተላልፈው 3 ያህሉ ነው። 997ቱ አያስተላልፍም። በዚያ ሌሊት ግን 997ቱን ማን ያስባል? እኔ የማየው ሦስቱን ነው።

ሳይነጋ መድኃኒት ጀመርኩ። ይህን ሁላችሁም እወቁት፤ በመርፌ ለተወጋ፣ ለተደፈረች ሴት፣ ኮንዶም ለተቀደደበት ሰው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ከሦስት ቀን ካለፈ አይሠራም። በልጇ ላይ የደረሰውን ደብቃ አምስተኛው ቀን ላይ ይዛት የመጣች እናት አውቃለሁ። እኔን ያን ጊዜ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ እንጀራ አልዋጥ ይለኛል። ቤቴ ውስጥ በእኔና በባለቤቴ መካከል የነበረውን አልነግራችሁም። ምርመራው በመጨረሻ ነጻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው የብርጭቆው ነገር የገባኝ። ደም ያለበት መርፌ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ እንኳ ከ1,000 3 ከሆነ፣ ያ ልጅ የጠጣበት የሻይ ብርጭቆ ስንት ነው? ምንም ነው። ዜሮ። እኔ ግን ሲቀቀል አሳየሁት።

ወደ ምላጩ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ሰፈር የምፈራው እርሱን ነው። ዋግምት የሚያስደርጉ ብዙ ናችሁ። ዋግምቱ ያድናል አያድንም የሚለውን ዛሬ አልከራከርም። በአንድ ምላጭ የሦስት ሰው ጀርባ ከተበጣ ግን ትኩስ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው ቁስል ሄደ ማለት ነው። ሕፃን እንጥሉን ማስቆረጥ፣ ድድ መነቀስ፣ የልጅ ግግ ማስወጣትም እንዲሁ ናቸው፤ እንጥልና ግግ ደግሞ ከነአካቴው ባይነኩ ይሻላል፤ ሕፃኑ በቫይረሱ ባይያዝ ደም ይፈሰዋል፣ ያመረቅዛል። የተበጣ ጀርባ ላይ የፈሰሰ ደም አየር ላይ ሲደርቅ ቫይረሱ ኃይሉን ያጣል፤ ሲሪንጅ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ደም ግን ለሳምንታት ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ሲሪንጅ ልጅ እጅ አይግባ። የፀጉር አስተካካይ ቶንዶስ ቆዳ ካልቆረጠ አያስፈራም፤ ምላጭ ግን ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ።

ሦስተኛው መንገድ ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ በእርግዝና፣ በምጥና በወሊድ፣ በጡት። ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ይያዛሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን በወጉ ከወሰደች ከ5 በታች ይወርዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት ቫይረሱ እንደተገኘባት፣ ሌላ መመዘኛ ሳይጠበቅ፣ ለዕድሜ ልክ መድኃኒት ትጀምራለች። ሕፃኑም መከላከያ ይሰጠዋል፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ይመረመራል። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይጥባ። «ጡትሽ አይበቃውም» ብላ ውሃ በስኳር የምትጨምር አያት፣ ይቅር ትበለኝና፣ እጇን ትሰብስብ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያላወራንበት ነገር አለ። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሲወስድ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን ይወርድ ይወርድና፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ፣ መሣሪያው ሊቆጥረው ከማይችለው ደረጃ ይደርሳል። አልጠፋም፤ መድኃኒቱ ቢቋረጥ ይመለሳል። ግን እዚያ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። «ብዙም አያስተላልፍም» አላልኩም፤ አያስተላልፍም። በአውሮፓ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አንዱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶችን ተከታተለ። ባለመድኃኒቶቹ የቫይረስ መጠናቸው እጅግ የወረደ ነው። 58,000 ያህል ጊዜ ያለ ኮንዶም ተገናኝተዋል። ከአጋሩ የተያዘ አንድም አልተገኘም። አሥራ አንድ ሰዎች በመካከሉ ተይዘው ነበር፤ የቫይረሱ ዝርያ ሲመረመር ግን ከቤት ሳይሆን ከውጭ የመጣ ሆኖ ተገኘ። (እዚህ ላይ ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹ ጥቂት ቆይተው።)

ይህ በጡት ማጥባት ላይ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ነው አይባልም፣ በደም ልገሳም አይሠራም። ለባልና ሚስት ግን ዓለም የለወጠ ነገር ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በጠዋትና በማታ የሚዋጥ ነበር፤ አሁን ለብዙዎቹ በቀን አንድ ፍሬ ነው።

አንድ ፍሬ። ታዲያ ለምን ይቋረጣል? የማውቃት ሴት መድኃኒቷን የምትይዘው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ሲነካ ይንሿሿል፤ ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥጥ ጠቅጥቃበት ጤፍ ማስቀመጫው ውስጥ ቀብራዋለች። እንግዳ ሲያድር አታወጣውም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ስትውል ስታድር ሦስት ቀን አልወሰደችም። መድኃኒቷን የምትቀበለው እዚህ አይደለም፤ ሰው እንዳያያት በሚኒባስ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። እኔ ደግሞ ሰው እንዳያያቸው ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጡ አውቃለሁ። ሐረጎ ላይ ይተላለፋሉ። የመኪና ገንዘብ የጠፋ ወር መድኃኒቱም ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከቤታቸው ሲወጡ መድኃኒቱን ትተው የወጡ ነበሩ፤ ያ የመከራ ጊዜ ነበርና ማንም አይወቀስበትም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ማስተጓጎሉ ግን የእኛ ሥራ ነው። ክሩን ያሰርነው ቫይረሱ እንዳይደርስብን ነበር፤ ክሩ የሠራው ሥራ መድኃኒቷን እንድትደብቅ፣ ስትደብቅም እንድታቋርጥ፣ ስታቋርጥም የወረደው ቫይረስ እንዲነሣ ማድረግ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሣ።

አንዲት እናት ስለ ጸበል ጠየቁኝ፤ «እምነት ካለኝ መድኃኒቱን ላቁም?» አሉ። እማማ፣ ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ዱአ የሚያደርጉም ዱአቸውን ያድርሱ፤ መድኃኒቱ ከሁለቱም ጋር አይጣላም አልኳቸው። የሚያቆመው ሰው ለጥቂት ሳምንት ደኅና ይሰማዋል፤ ያታለለን ያ ደኅና መሆን ነው። ስንቱን በቃሬዛ ተቀብያለሁ።

ሊያገባ ያለ ወጣት «ተመርምረን ነጻ ከሆንን አበቃ?» አለ። የዛሬ ምርመራ የሚናገረው ስለ ትናንት ማታ አይደለም አልኩት። ሰውነት ምልክቱን እስኪያወጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ በጣት ደም የሚደረገው ምርመራ እርግጠኛ እንዲሆን እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። ስለዚህ ከመጨረሻው አጠራጣሪ ቀን ሦስት ወር ቆጥራችሁ ድገሙት፤ በመካከሉም ተጠንቀቁ። «ሠርጉ በጥር ነው» አለ። ያኔ ገና ጥቅምት ነበር። ይደርሳል አልኩት፤ ቤቱ ሳቀ።

መጨረሻ ላይ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። በሰፈራችን ዋግምት የሚያደርጉት እርሳቸው ናቸው፤ ሲጀመር ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ምላጩን ሰማሁ፤ ቀንዱስ?» አሉኝ። አባባ፣ ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ፣ ያገለገለውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፤ ቀንዱ ታጥቦ ውሃው ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ይቀቀል፤ በእጅዎም ጓንት ያድርጉ አልኳቸው። «በሰዓት ነው ወይስ በግምት?» አሉ። በሰዓት። ጥቂት አሰቡና «ቀንዶቹ አራት ናቸው፤ ምላጩን ግን ድኻ ሲመጣብኝ ከየት አመጣለሁ?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ ገንዘብ ያዣችን ዞሩ። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ገልጦ «በምን ስም ልጻፈው?» አለ። «የዕቃ ቤት ዕቃ በለው» አሉት።